ለሃያ ደቂቃ ስጽፍ ቆይቼ ነበር

«እማዬ፣ ከጀመርሽ ስንት ደቂቃ ሆነሽ?»

እናቷ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አላነሳችም። ዓይኗም መርፌው ላይ እንደተተከለ ነው። «ሁለት ክር ጨርሻለሁ» አለች።

«ክር ሰዓት አይደለም እኮ!»

«ለእኔ ሰዓት ነው። ሁለት ክር ሲያልቅ ወገቤ ይነግረኛል፤ ሦስት ሲያልቅ ደግሞ...»

መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

እስፒል ከበርጩማዋ ዘላ ተነሳች። «ተሰበረ! ተሰበረ! አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ!» አለች፤ ከትምህርት ቤት ስትገባ እናቷ መኪናው ላይ ስትቀመጥ ያየችውን ሰዓት በስልኳ አሰላችና ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ መጻፍ ጀመረች።

አጎቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ማዶ መቀሱን እንደያዘ ሳቀ። «ሰው መርፌ ሲሰበርበት ያዝናል፤ የእኛ ልጅ ትጨፍራለች። ኢንስፔክተር፣ ቃላችንን ተቀብለሽ ጨረስሽ? ወይስ ነገ ጠበቃ ይዘን እንቅረብ?»

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ከእንግሊዝኛ መምህሯ ነው። በዚያ ሳምንት የሚማሩት ነገር ስሙ ብቻውን አንድ መስመር ይፈጃል፤ ፓስት ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ። ተማሪዎቹ አፋቸው ሲደክም «ሃድ ቢን» ብለው አሳጥረውታል። አንድ ነገር ከመሆኑ በፊት ሌላ ነገር ሲሆን፣ ሲሆን፣ ሲሆን መቆየቱን መናገሪያ ነው። መርፌው ሲሰበር እናቴ ለአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ስትሰፋ ቆይታ ነበር፣ እንደማለት። መምህሯ ይህን አስረድታ ስታበቃ የመማሪያ መጽሐፉን ዘጋችና «እዚህ ውስጥ ያለውን፣ ዝናብ ሲመጣ ኳስ ሲጫወት የቆየውን ልጅ እንዳታመጡብኝ» አለች። «ያንን ልጅ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ እስካሁን ኳሱን አልጣለም። የራሳችሁን ቤት ተመልከቱ። ማን ምን ሲሠራ ቆየ? ለምን ያህል ጊዜ? ከዚያ ምን ተፈጠረ? በአንድ ሳምንት ሠላሳ አምስት ዓረፍተ ነገር፤ እውነት ያልሆነውን አልቀበልም።»

ከሁሉ የበለጠ ደብተር ያመጣ ተማሪ በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ አሥር ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ወላጆች እንዲሰሙት በአማርኛ። እስፒል ይህን ስትሰማ ልቧ ዘሎ ነበር። ባለፈው ዓመት በሁለት ነጥብ ተበልጣ፣ መድረክ ላይ የወጣችው ለሌላ ልጅ ማይክ ዝቅ ልታደርግ ብቻ ነው። ዘንድሮ ማይኩን ሌላ ሰው ያስተካክልላት።

እስፒል ያላት አጎቷ ነው። ቀጭን በመሆኗና ሲነኳት ስለምትወጋ። እሱን ደግሞ ደንበኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል። ሰው በመስታወቱ በር ሲገባ አየት አድርጎ የትከሻውን ስፋት ይናገራል፤ ሜትሩን ከአንገቱ የሚያወርደው ደንበኛው ደስ እንዲለው ነው። እናቷ ታናሹ ስለሆነች «ጋሼ» ትለዋለች፣ እስፒልም ከእናቷ ሰምታ ጋሼ ትለዋለች። ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነው ውሎአቸው። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ አንድ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ከዚያ ክፍሉን ከግማሽ በላይ ጠቅልሎ የያዘው የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ። አጎቷ ይቆርጣል፣ እናቷ ትሰፋለች፤ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ሰውነት ላይ ያልገጠመ ልብስ እስፒል አይታም ሰምታም አታውቅም።

ያን ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ግን ልብስ አልነበረም። የከተማው ትያትር ቤት የመድረክ መጋረጃ ነው። ጥቁር ቀይ ከፈይ፣ ስምንት ቁራጭ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ትልልቅ ድርጅቶች እያሉ ትያትር ቤቱ እነሱን መርጧል። አጎቷ የሥራ ማዘዣውን ወረቀት የፎቶ ፍሬም ውስጥ ከትቶ ከመስታወቱ በላይ ሰቅሎታል፣ መጋረጃው ገና ሳይሰፋ።

ከፈይ ፀጉር አለው። ወደ ታች ሲዳብሱት ይተኛል፣ ወደ ላይ ሲዳብሱት ይቆማል። ስምንቱም ቁራጮች ፀጉራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ መተኛት አለበት፤ አንዱ ከተገለበጠ መብራት ሲያርፍበት ከሌላ ጣቃ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ አጎቷ እያንዳንዱን ከቆረጠ በኋላ በመዳፉ ይዳብሰዋል፣ ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ ይዘረጋዋል፣ ከዚያ በጠመኔ ወደ ታች የሚያሳይ ቀስት ይስልበታል። በቤቱ አንድ ሕግ አለ፤ ቀስት ያልተሳለበት ጨርቅ አይነካም። እስፒል ይህን ሕግ ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ነው ያወቀችው።

«መርፌም አልቋል» አለች እናቷ ሣጥኑን አራግፋ። «ገዝቼ መጣሁ» ብላ ወጣች።

አጎቷ አምስተኛውን ቁራጭ ዳብሶ፣ ዘርግቶ፣ ጠመኔውን ሲያነሳ ከመንገድ ማዶ መስታወት ቆራጩ ጎረቤታቸው ተጣራ። «ሚሊሜትር! አንድ ጊዜ እጅ ስጠኝ፣ ይኼ መስታወት ሊያመልጠኝ ነው!»

ጠመኔውን ጥሎ ሮጠ።

እስፒል ብቻዋን ቀረች። ጉልበቷ ላይ የጻፈችው ጽሑፍ ዶሮ የጫረው መስሏል፤ መምህሯ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ ላይ ምሕረት የላትም። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ደልዳላ ጠረጴዛ ዓይኗ ሥር አለ። ከፈዩን ከጫፉ ያዘች፣ አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችውና እናቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ያን ቀን የሰበሰበቻቸውን ዓረፍተ ነገሮች አሳምራ ገለበጠች። የአጎቷን ድምፅ መንገድ ላይ ስትሰማ ከፈዩን ወደ ቦታው መለሰች፣ ጠርዙን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለች፣ እጥፋቱን በእጇ አስተኛች። እንደነበረ ሆነ። እሷ እንደዚያ ነው ያሰበችው።

አጎቷ ገባ፣ እጁን ጠረገ፣ ጠመኔውን አነሳ፣ ቀድሞ ስለዳበሰው ዳግም ሳይዳብስ፣ እንደ ሌሎቹ ቁራጮች ሁሉ ቀስቱን ከመስኮቱ ወደ በሩ ስቦ «5» ብሎ ጻፈበት። እስፒልም የቀኑን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጻፈች። አጎቴ ሲመለስ እኔ ለሃያ ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ስጽፍ ቆይቼ ነበር። ስለ ራሷ የጻፈችው የመጀመሪያው ስለሆነ ደስ አላት።

ረቡዕ መምህሯ በየወንበሩ እየዞረች ደብተር አየች። የእስፒል ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት ገጽ አነበበች።

«እናትሽ የምር ጊዜ የምትለካው በክር ነው?»

«አዎ፣ ቲቸር። ሦስት ክር ካለቀ አትናገሯት።»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሯም ሳቀች። «ቤትሽ ውስጥ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ» አለች ደብተሩን ስትመልስላት። «እስከ ዓርብ እንዲህ ከቀጠልሽ ማይኩን አስለምጂ።»

ያን ቀን እስፒል ከትምህርት ቤት እስከ ቤት እግሯ መሬት አልነካም። ስትነግራቸው እናቷ «ስለ ወገቤማ እንዳታነቢ፣ አደራ» አለች፣ ፊቷ ግን በርቷል። አጎቷ ደግሞ ወሬ የማይቋጥር ሰው ነው። በዚያው ከሰዓት ለገባ ለወጣው ሁሉ «የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ ስለ እኛ ልትናገር ነው» እያለ ዋለ። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ነገረው። ከዚያ ለራሱ የሰፋውን ሰማያዊ ሱፍ አውጥቶ ለወላጆች ቀን ተኮሰው፤ ገና ስድስት ቀን እያለ።

ሐሙስ መጋረጃው ተሰቀለ።

ሦስቱም ሄዱ። የትያትር ቤቱ ሠራተኞች ስምንቱ ቁራጮች የተጋጠሙበትን ከባድ መጋረጃ በገመድ ወደ ላይ ሳቡት፤ ከፈዩ እየተዘረጋ ወረደ። እስፒል ትንፋሿን ያዘች። ይህን የሠሩት የእኛ እጆች ናቸው ብላ ለሰው ሁሉ ብትናገር በወደደች። አጎቷ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል፣ አገጩ ወደ ላይ ነው። ከዚያ የመድረኩ መብራት በራ።

ከግራ አምስተኛው ቁራጭ ከሌሎቹ ተለይቶ ነጣ ብሎ ታየ።

የትያትር ቤቱ ኃላፊ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ። «ጨርቁ አልበቃ ብሎ ከሌላ ቀጠላችሁበት እንዴ?» አሉ።

አጎቷ ወደ መድረኩ ወጣና መዳፉን አራተኛው ላይ አሳረፈ፣ ቀጥሎ አምስተኛው ላይ። ሁለቴ ዳበሰው። «ጨርቁ አንድ ነው» አለ ዞር ብሎ። «ተገልብጧል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

«ይስተካከላል» አለች እናቷ ቶሎ ብላ። «ስፌቱን ተርትረን እናዞረዋለን። ለቅዳሜ ይደርሳል።»

ኃላፊው ቅር አላላቸውም። ሲሸኟቸው ግን በር ላይ እናቷን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «ሚሊሜትር ደከመው መሰለኝ፤ ዕድሜም አለ እኮ» አሉ። ቀስ ብለው የተናገሩ መስሏቸው ነው፤ እስፒልም ሰማች፣ አጎቷም ሰማ። መንገዱን ሙሉ መጋረጃውን ተሸክሞ ከፊት ከፊታቸው ሄደ።

ሱቅ ሲደርሱ መቀሱን በጨርቅ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለች እናቷ።

«ካሁን በኋላ አንቺ ቁረጪ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ።»

«በአንድ ቁራጭ? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቁራጭ ብትስት?»

«ዓይኔ ቢስት መነጽር አለ» አለ መዳፉን እያየ። «መዳፌ ከሳተ ምን አለ? የቱ ወደ ላይ፣ የቱ ወደ ታች እንደሆነ ካልነገረኝ የሰው ጨርቅ ላይ መቀስ የማሳርፈው በምን አምኜ ነው?»

እናቷ ተከራከረችው፣ ተቆጣችው፣ ለመነችው። እሱ ወንበሩን ወደ ጥግ ወስዶ የቁልፍ ሣጥኑን ከፈተ። እናቷም በንዴት ከፈዩን ትተረትር ጀመር።

እስፒል የምታደርገው ቢጠፋት ደብተሯን አወጣች። አጎቴ መቀሱን ሲያስቀምጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሲቆርጥ ቆይቶ ነበር። ይህን ከጻፈች በኋላ ከበዳትና ከማየት ሸሽታ ወደ ኋላ ገለጠች። ሰኞ። እናቴ፣ መርፌው። አጎቴ፣ መስታወት ቆራጩ ሲጣራ። ከዚያ በውብ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የመጨረሻው መስመር። ለሃያ ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ስጽፍ ቆይቼ ነበር።

ክው አለች። ከጠረጴዛው ላይ ምን አንስታ ነው የጻፈችው? ቁጥሩስ ስንት ነበር? ዓይኗን ወደ ጥግ ላከች፤ አጎቷ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ ነው፣ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባ። ደብተሩን ዘጋችውና ራሴን አሞኛል ብላ ወጣች።

ዓርብ ጠዋት መምህሯ ውጤቱን ስትናገር እስፒል ስሟ የተጠራው ለቅጣት መስሏት ደነገጠች። ክፍሉ አጨበጨበ። «አሥሩን ራስሽ ምረጪ» አለቻት መምህሯ፣ «ሰኞ ታሳዪኛለሽ።»

በእረፍት ሰዓት ነገሩን ሁሉ ለጓደኛዋ ዘረገፈችላት። ይህች ጓደኛዋ «ላጲስ» ነው የምትባለው፤ ደብተሯ ላይ ያልተፋቀ ገጽ ስለሌለ።

«እና ምን ያስጨንቅሻል?» አለች ላጲስ። «ሠላሳ አምስት አለሽ፣ የምታነቢው አሥር። እሷን አትምረጫት፤ አለቀ!»

«አጎቴስ?»

«መጋረጃው ተስተካክሏል አይደል? ማንም አልሞተም። አጎትሽ እንደሆነ ሁለት ቀን ያኮርፍና ይመለሳል። አንቺ ደግሞ ከተናገርሽ ቲቸር ራሷ ሙዷ ይበላሻል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሼም ነው አቦ! አትዋሺም እኮ፤ ዝም ነው የምትዪው።»

እውነቷን ነው። ውሸት የለበትም። እስፒል ይህንኑ በልቧ እየደጋገመች ቤት ደረሰች፤ በደጋገመችው ቁጥር ግን እግሯ እየከበደ መጣ።

የመስታወቱን በር ስትከፍት አንድ ደንበኛ ቆመዋል። ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ውጭ ልብስ አሰፍተው አያውቁም። ክንዳቸው ላይ አዲስ ግራጫ ሱፍ ጨርቅ አለ።

«ልጄን ልድር ነው፣ ሚሊሜትር» አሉ። «የመጨረሻዋ ናት። ዕድሜ ልኬን የምለብሰው እንዲሆን አድርገህ ቁረጥልኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ አጎቷ ከጥጉ ሳይነሳ። ጉልበቱ ላይ የልጅ ሸሚዝ አለ፣ አራት ቁልፍ ተክሎበታል። «እህቴ ትቆርጥልዎታለች።»

«እህትህን አከብራለሁ። እኔ የመጣሁት ግን ወዳንተ ነው።»

«እኔ ትቻለሁ።»

ሰውዬው ግራ ተጋብተው እናቷን አዩ። እናቷ አንገቷን ደፋች። ሰውዬው ጨርቃቸውን ቀስ ብለው አጠፉት፣ ክንዳቸው ሥር ያዙትና «ይሁና» ብለው ወደ በሩ ዞሩ። አጎቷ ቀና ብሎ አላያቸውም፤ አምስተኛውን ቁልፍ ሊተክል ክር ይቆርጣል፣ ክሩን የሚቆርጠውም በጥርሱ ነው። መቀስ እንዳይነካ።

ይህ አንጀቷን በላው።

«ይቆዩ!» አለች እስፒል። በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ ባቡር ነጂው መውጫ አጡ። «ጋሼ፣ የቤት ሥራዬን ላንብብልህ።»

«አሁን? እንግዳ እያለ?»

«አሁን።» ደብተሩን ከፈተች። በእንግሊዝኛ አነበበችው። ከዚያ በአማርኛ። «ሰኞ ነው። አንተ መስታወት ልታነሳ ስትወጣ አምስተኛው ከፈይ ተዘርግቶ ነበር። ቀስት አልነበረበትም። አንስቼው... አጎቴ ሲመለስ እኔ ለሃያ ደቂቃ ጠረጴዛው ላይ ስጽፍ ቆይቼ ነበር። ጋሼ፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ።»

የእናቷ የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

አጎቷ ሸሚዙን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ታዝኚልኛለሽ አይደል?» አለ በዝግታ። «እኔን ለማጽናናት ነው።»

«አይደለም! ማለቴ... ከትናንት ጀምሮ አውቄዋለሁ።»

«እንዴት አድርገሽ አነሳሽው?»

«በእጄ ነዋ።»

«በእጅሽ መሆኑንማ አውቃለሁ! ከየት በኩል? አሳዪኝ!» ብድግ አለ። ቁልፎቹ ከጉልበቱ ላይ ተበትነው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ረጅም አሮጌ አንሶላ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ጫፍ ላይ በጠመኔ ትልቅ ምልክት አደረገ። «ይኸው። እኔ ወጣሁ። ቀጥዪ!»

እስፒል ምልክት ያለበትን ጫፍ ያዘች። አጠፈችው፣ ደግማ አጠፈችው። ወደ እናቷ ወንበር ወሰደችው፤ አስቀመጠችው። «ከዚያ ጻፍኩ። ከዚያ ድምፅህን ሰማሁ።» አነሳችው። ከወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ስትመለስ የምትደርሰው በበሩ በኩል ነው። ከዚያው በኩል ጫፉን አስቀምጣ መዘርጋት ጀመረች።

የጠመኔው ምልክት በሩ ጋ ቀረ።

አጎቷ ምልክቱን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ተመልሶ ምልክቱን አየ። ከዚያ ትናንት ከመጋረጃው ጠርዝ የተረፈውን የከፈይ ጥብጣብ ከመሬት አነሳና ዓይኑን ጨፈነ። አንዴ ዳበሰው። «ወደ ታች» አለ። እናቷ ከእጁ ወስዳ አገላብጣ አገላብጣ መለሰችለት። «ወደ ላይ» አለ። ደግማ ሰጠችው። «ወደ ታች። አሁንም ወደ ታች፤ አልገለበጥሽውም፣ ልታታልይኝ ነው!»

ዓይኑን ሲከፍት እንባ ሞልቶታል፣ ፊቱ ደግሞ በቁጣ ቀልቷል፤ ሁለቱም አንድ ላይ። «ሌሊቱን ሙሉ መዳፌን ሳይ ነው ያደርኩት!» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት! ቀስት የሌለበት ጨርቅ አይነካም አላልኩም? ትናንት አውቀሽ እስከ ዛሬ ዝም?»

«ብለሃል። ዝም ብያለሁ። ይቅርታ፣ ጋሼ።»

«አንድ ወር ይህን ጠረጴዛ በክንድ ርቀት እንዳትቀርቢው!»

«እሺ።»

«በጉልበትሽ ላይ ጻፊ!»

«እሺ።»

ባቡር ነጂው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ እንግሊዝኛ አልሰማም» አሉ፤ «የዚህ ሰው መዳፍ ደህና መሆኑን ግን አይቻለሁ። ጨርቄን ላስቀምጥ?»

አጎቷ መሳቢያውን ከፈተ። መቀሱን ከጨርቁ ፈታ፣ ሁለቴ አየር ላይ ከፍቶ ዘጋው፣ ግራጫውን ሱፍ ከሰውዬው ክንድ ተቀበለ። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ትከሻው ተመልሶ ሰፋ። «ግራ ትከሻዎ ካለፈው ዓመት አንድ ሴንቲ ወርዷል» አላቸው፣ ሜትሩን ሳያወርድ። እስፒል ቁልፎቹን ከወለሉ ላይ እየለቀመች ሰማችውና ኩራት ደረቷን ሞላው፤ አጎቷ እሷን ገና አኩርፏል፣ እሷ ግን በእሱ ልትፈነዳ ደረሰች።

ባቡር ነጂው ከሄዱ በኋላ እናቷ ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ በእስፒል አጠገብ ስታልፍ ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረገቻት። ያማል። ቀጥላ ያንኑ ጆሮ ሳመችው።

ቅዳሜ መጋረጃው ትያትር ቤት ተመልሶ ተሰቀለ፤ ስምንቱም አንድ ሆነው ታዩ። ኃላፊው በጣም አመሰገኑ፣ አጎቷን ግን ትከሻውን መታ መታ አድርገው «በርታ፣ አይዞህ» አሉት፤ ለታመመ ሰው እንደሚባለው። አጎቷ «እሺ» አለ። የገለበጠችው ልጅቷ ናት ብሎ አልነገራቸውም።

እሁድ ከሰዓት እስፒል ከጠረጴዛው ርቃ፣ በሩ አጠገብ በበርጩማዋ ተቀምጣ አሥሩን ዓረፍተ ነገር ትመርጣለች። ደብተሩ ጉልበቷ ላይ ነው። ስለ ክሩ መረጠች። ስለ መስታወት ቆራጩ መረጠች። ዘጠኝ ሞሉ።

አጎቷ ግራጫውን ሱፍ እየቆረጠ ነው። መቀሱ ጨርቁ ላይ ሳይቆም ይሄዳል። «ያቺን ዝለያት» አለ ቀና ሳይል።

«የቷን?»

«ታውቂያታለሽ። ለእኛ ነግረሻል፣ ይበቃል። በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት ራስሽን የምታዋርጂበት ምክንያት የለም። ያንቺ ቀን ነው፤ ስለ እናትሽ ወገብ አንብቢ፣ ይሳቁ።»

እስፒል እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ ከታ አሰበች። ማክሰኞ አዳራሹ ይሞላል። ላጲስ ትኖራለች፣ መምህሯ ትኖራለች። መስታወት ቆራጩ ሁለት ልጆች አሉት፣ ይመጣል። የትያትር ቤቱ ኃላፊ ልጅ ከእሷ ክፍል ሁለት በር አልፎ ነው የሚማረው፤ አባትየው የወላጆች ቀን ቀርተው አያውቁም። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ ሁሉም የሚያያት።

«ጋሼ» አለች።

«አቤት።»

«ማክሰኞ ከፊት ወንበር ተቀመጥ።»

«ከኋላ ይሻለኛል። ቁመቴ ሰው ይጋርዳል።»

«ከፊት» አለች እስፒል፤ ገጹን ወደ ሰኞ መልሳ፣ ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቁጥር አንድ ብላ ጻፈች።